ልጅን ሰጥቶ መጠየቅ

አባቶቻችን ልጃቸውን ከየኔታ ዘንድ ወስደው ሲያስረክቡ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ይሉ ነበር ይባላል። ትርጉሙ ግልጥ ነው። ልጁ ካጠፋ ይገረፍ፣ ካንቀላፋ ይቀጣ፣ ብቻ ዓይኑ ይትረፍለት ማለት ነው። በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ሁለት ነገር ተሰውሯል። አንደኛው ወላጅ ለዕውቀትና ለመምህር የነበረው ታላቅ አክብሮት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልጁን አንድ ጊዜ ካስረከበ በኋላ ስለ ትምህርቱ ምንም እንደማይጠይቅ ያሳወቀበት የስንብት ቃል ነው።

ይሁን እንጂ ያ ወላጅ ለትምህርት ንፉግ አልነበረም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ለሚለው የቆሎ ተማሪ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ከማዕዱ ቆርሶ ይሰጥ ነበር። የጎንደርና የጎጃም የዜማ፣ የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤያት ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንተው የኖሩት በነገሥታት ጉልት ብቻ ሳይሆን በየደጁ በሚቆረሰው በዚሁ እንጀራ ጭምር ነው።

እንግዲህ ከአባቶቻችን ሁለት ውርስ ተቀብለናል፤ አንዱ መስጠት፣ ሌላው አለመጠየቅ። በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ ያሰብነው እነዚህ ሁለት ውርሶች በማክሰኝት አካባቢ በሚገኝ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በወላጅና በመምህር ኅብረት ውስጥ እንዴት እንደ ገጠሙን፣ የትኛውን ይዘን የትኛውን መተው እንደሚገባን ዘግይተን እንዴት እንደ ተረዳን ነው።

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ማክሰኞን እንደሚያስታውስ ሁሉ ኑሮዋም ከገበያ ጋር የተሳሰረ ነው። በምዕራብ በኩል ምድሩ ሜዳ እየሆነ ወደ ጣና ይወርዳል። አፈሩ ክረምት ሲሆን እግር የሚይዝ፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መረሬ ነው። ገበሬው ዝናቡ ሲያባራ ምድሩ ባስቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል፤ ጤፉም በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ይህን የምናነሣው አገሩን ለማስጌጥ አይደለም። የትምህርት ቤት የቀን መቁጠሪያ በጽሕፈት ቤት ቢዘጋጅም፣ የልጆችን መምጣትና መቅረት የሚወስኑት ግን ይህ አፈርና ይህ ገበያ ናቸው። አጨዳ ሲደርስ፣ ከዚያም ሽምብራ ሲነቀል፣ በየሳምንቱም ገበያ በሚቆምበት ቀን፣ የክፍሉ ወንበር ግማሹ ባዶ ይሆናል።

እኛም ፊደል የቆጠርነው በዚሁ አገር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንደኛ ክፍል ስንገባ የነበረን ክፍል ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ አፈር፣ መቀመጫው ድንጋይ ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አባታችን ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ከገዛ ደኑ የቆረጠውን የባሕር ዛፍ አጠና በትከሻው ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲገባ አየነው። ልባችን በኩራት ሞላ። እርሱ ግን ዕንጨቱን ከግቢው አራግፎ፣ ላቡን በጋቢው ጠርጎ፣ ወደ ክፍላችን በር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመለከት ወጣ። በ8 ዓመት ትምህርታችን ውስጥ ለክፍሉ ግድግዳ፣ ለአጥሩና ለመምህሩ ቤት ያዋጣው ብዙ ነው። ምን እንደ ተማርን ግን ጠይቆን አያውቅም። ፍቅር ስላነሰው አልነበረም፤ የመጠየቅ መብት እንዳለው የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

12ኛ ክፍልን ጨርሰን የመንግሥት ሥራ ይዘን፣ ዛሬ መዝገብ አገላብጠን የምናድር ሠራተኛ ሆነናል። ትዳር ይዘን ልጅ ወልደን፣ ልጁንም ለትምህርት ካደረስን በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. በወላጆች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አባል ሆነን ተመረጥን። «ይህ ሰው ጽሕፈት ያውቃል» ተብሎ ቃለ ጉባኤ መያዝ ለእኛ ተሰጠን። ሰብሳቢያችን በአገሩ ሽምግልና የታወቁ አንድ ገበሬ ነበሩ።

ወላጅን ከትምህርት ቤት ጋር የማስተሳሰር ጉዳይ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. ለትምህርት የሚውል የመሬት ግብር በአዋጅ ሲደነገግ፣ ባለመሬቱ ልጁ ትምህርት ቤት ቢገባም ባይገባም ለትምህርት ከፋይ ሆነ። ከፋይ ይሁን እንጂ ተጠያቂም ጠያቂም አልነበረም። ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚጠራው የትምህርት ጥናት ተዘጋጅቶ፣ ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይሰጥ የሚል ሐሳብ ሲሰማ፣ ወላጅ «ልጄን ከአራተኛ ክፍል ሊመልሱብኝ ነው» ብሎ ሠጋ። መምህራንም በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በጥናቱ ውስጥ የሚበጅ ነገር ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ለባለሙያዎች እንተወው። እኛ ከዚህ የምንማረው፣ ወላጅና መምህር ሳይጠየቁበት ከላይ የወረደ ዕቅድ ምንም ያህል ቢደከምበት ሥር እንደማይሰድ ነው።

በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቶች በሕዝብ በተመረጡ ኮሚቴዎች እንዲመሩ ተደነገገ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ትምህርት ቤቶች የኅብረተሰቡ ተወካዮች፣ መምህራንና ተማሪዎች በሚገኙበት ቦርድ ወይም ኮሚቴ አማካይነት የውስጥ አስተዳደራቸውን ራሳቸው እንዲመሩ አሳሰበ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ሲዘረጋ ደግሞ፣ በተማሪዎች ቁጥር ልክ የሚታሰብ የድጎማ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቶች ይደርስ ጀመር። የትምህርት ቤት መሻሻል ሥራም በአራት ዐበይት ክፍሎች ተመደበ፤ እነርሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው።

አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንሻው የእነዚህን አራቱን ተራ ነው። መማር ማስተማር አንደኛ ሆኖ ተጽፏል። እኛ ግን በሥራችን ሁሉ የጀመርነው ከሁለተኛው ነበር።

በሦስት ዓመት ውስጥ ያከናወንነው ሥራ የሚናቅ አልነበረም። የፈረሰውን አጥር በድንጋይ ካብን። ለሴቶች ልጆች የተለየ መጸዳጃ ቤት አሠራን። በድጎማው ገንዘብ ላይ የወላጆችን መዋጮ ጨምረን የሁለት ክፍሎችን ጣራ በአዲስ ቆርቆሮ ለወጥን። ገንዘብ ያልነበረው በጉልበቱ፣ ጉልበት ያነሰው ጠላ ጠምቆና እንጀራ ጋግሮ በማቅረብ አገዘ። ይህ ሁሉ በእኛው እጅ በቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ ተጻፈ። ከወረዳ የሚመጡ ጎብኚዎች መዝገቡን ባዩ ቁጥር ያመሰግኑን ነበር፤ እኛም በመዝገቡ ንጽሕና እንኮራ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ላይ ወላጆች ተሰብስበው የዓመቱን ሪፖርት አነበብንላቸው። ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው አለ?» ብለው እንደ ልማዱ ጠየቁ፤ እንደ ልማዱም መልስ ሳይጠብቁ ለመነሣት ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። በዚህ ጊዜ ከኋላ ከዛፉ ሥር የተቀመጡ፣ በገበያ ቀን ጠላ በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ብድግ አሉ።

«ይቅር በሉኝ፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ሰው ነኝ» አሉ። «አጥሩን ሰማሁ፤ ቆርቆሮውን ሰማሁ። የሰጠሁት ገንዘብም የት እንደ ገባ አይቻለሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ። ግን አንድ ነገር ሳትነግሩኝ ልትበትኑን ነው። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ያነባል ወይ?»

ርእሰ መምህሩ በትሕትና «እትዬ፣ ልጅዎ እኮ ወደ አራተኛ ክፍል ተዛውሯል» ብለው መለሱ።

«መዛወሩንማ ካርዱ ላይ ተጽፏል ብለው ጎረቤቶቼ ነግረውኛል፤ እኔ የጠየቅሁት ያነባል ወይ ብዬ ነው።»

በዚያ ግቢ ውስጥ ከነበረው ሁሉ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ የነበረው አልተገኘም። መምህራኑ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኛም ቃለ ጉባኤውን ይዘን ነበርና ብዕራችን ወረቀቱ ላይ ቆመ። ጥያቄው በየትኛው ተራ ቁጥር እንደሚጻፍ አላወቅንም፤ ከአጀንዳችን ውስጥ እርሱን የሚመስል አንድም አልነበረምና።

በዚያ ምሽት ቤታችን ገብተን የገዛ ልጃችንን ጠራነው። እርሱም ሦስተኛ ክፍልን የጨረሰ ነበር። የአማርኛ መጽሐፉን አውጥቶ አንዱን ገጽ ያለ ምንም መሰናክል ወረደው። ደስ አለን፤ ነገር ግን ጣቱን ስናይ ከቃሉ ጋር አይሄድም ነበር። መጽሐፉን ገልብጠን ሥዕል የሌለበትን ሌላ ገጽ ከፈትንና አንዲት ቃል አመለከትነው። ዝም አለ። ሌላ ብናመለክተው አሁንም ዝም አለ። ያ ያነበበው የመሰለንን ገጽ ክፍሉ በአንድነት ሲጮኸው ሰምቶ በቃሉ አጥንቶት ኖሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ የአጥርና የቆርቆሮ ቃለ ጉባኤ በጽሑፍ ስናሳምር፣ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድረው ልጃችን ማንበብ አለመቻሉን አላወቅንም ነበር። አባታችን ሳይጠይቀን ቢቀር ያልተማረ ገበሬ ስለ ነበረ ነው፤ እኛስ ምን ምክንያት ነበረን?

በኋላ እንደ ተረዳነው ነገሩ በእኛ መንደር ብቻ የደረሰ አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገ የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች አድገው ከ12ኛ ክፍል ሲደርሱ ምን እንደሚሆኑ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር በሙሉ ደነገጠ። ድንጋጤው ግን ቢያንስ ዘጠኝ ዓመት የዘገየ ነው፤ ጊዜው አንዲት እናት ሦስተኛ ክፍል ላይ «ያነባል ወይ?» ብላ በምትጠይቅበት ቀን ነበርና።

በሌላው ዓለምም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። በዛሬው ጊዜ በአሜሪካ እጅግ ሰፊ የሆነው የወላጆችና የመምህራን ማኅበር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 በዋሽንግተን ከተማ ሲቋቋም ስሙ የእናቶች ጉባኤ ነበር። አሊስ በርኒና ፊቢ ሄርስት የተባሉ ሁለት ሴቶች የጠሩት ጉባኤ ነው። እኛም ከእናት ወገን በተነሣ ጥያቄ ሥራችንን እንደገና ጀመርን።

በመስከረም ወር 2012 ዓ.ም. ኅብረቱ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው አጀንዳ ንባብ ሆነ። ነገሩ ግን በቀላሉ አልተጀመረም። ከመምህራኑ አንዱ ፊታቸው ተለዋውጦ፣ «አሁን ደግሞ ወላጅን ተቆጣጣሪ አድርጋችሁ ልትሾሙብን ነው? በአንድ ክፍል ከ70 በላይ ልጅ ይዤ የእያንዳንዱን ድምፅ መቼ ልስማ?» አሉ። ንግግራቸው ቁጣ ቢመስልም እውነት ነበረበት። 70 ልጅ ለአንድ ደቂቃ እንኳ በየተራ ቢያነብ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ ይፈጃል። ስለዚህም መምህሩ በአንድነት ያስጮኻቸዋል፤ በአንድነት የሚጮኽ ክፍል ውስጥ ደግሞ የማያነብ ልጅ ይሸሸጋል።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ይህን ከሰሙ በኋላ፣ «እንግዲያው መምህር፣ እርስዎ ያስተምሩ፤ መስማቱን ለእኛ ይተዉልን» አሉ። ሥራችን ሁሉ የቆመው በዚህች ቃል ላይ ነው። ኅብረቱ መምህሩ እንዴት እንደሚያስተምር አይፈርድም፤ ልጁ ሲያነብ ግን ያዳምጣል።

እንዲህም ተደረገ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጧት ለሁለት ሰዓት፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች በግቢው ዛፎች ሥር በአምስት በአምስት ሆነው ይቀመጣሉ። በየጓዳው አንድ ወላጅና አንድ የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይኖራል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች «እኛ ምን እናደርጋለን?» ብለው አፍረው ነበር። ያን ጊዜ ከልጃችን ያየነውን ነገርናቸው። ማንበብ የማይችል ሰው የልጁ ጣት ከድምፁ ጋር አብሮ መሄዱን ማየት ይችላል፤ ልጁም በቃሉ የሚወርደውን ትቶ መምህሩ በዕለቱ ያመለከቱትን አዲስ ገጽ መክፈቱን መጠበቅ ይችላል። ከሁሉም በላይ መስማት ይችላል። ልጅ ደግሞ የሚሰማው ሰው ባገኘ ጊዜ ድምፁ ከፍ ይላል።

ከዚህ በኋላ የክፍሉ ሥራ ራሱ መልኩን ለወጠ። እናቶች ከስንደዶ በሰፉት ሙዳይ ውስጥ ከሸክላ የተሠሩ ፊደሎች ተቀመጡ፤ ልጆቹም እየዳሰሱ ቃል ይመሠርቱባቸው ጀመር። አንድ አናጢ ወላጅ ከአሮጌ ወንበር ስብራት መደርደሪያ ሠርቶ የንባብ ማዕዘን አቋቋመ። ለመቁጠሪያ ከውጭ የሚገዛ ነገር አላስፈለገንም፤ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ እፍኝ ሽምብራ አመጣና በእርሱ መደመርና መቀነስ ተማረ። የሒሳብ መምህሩ አንድ ገበሬ ወላጅ ጋብዘው አራት ጥማድ መሬት አንድ ሄክታር ያህል እንደሚሆን በእርምጃ አስለክተው ሲያሳዩ፣ ስለ ስፋት ከመጽሐፍ ያልገባቸው ልጆች ከሜዳው ገባቸው።

የሳይንስ መምህርቷ ደግሞ ስለ እምቦጭ ሥራ ጀመሩ። ይህ አረም በ2003 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ አሣ አጥማጁንም ከብት አርቢውንም አስጨንቋል። በዘመቻ ወርደው በእጃቸው የነቀሉ ወላጆች ወደ ክፍል ገብተው ሥሩ ምን እንደሚመስል፣ ከብት ሲበላው ምን እንዳዩ፣ ጀልባን እንዴት እንደሚይዝ ተናገሩ። ተማሪዎቹም የሰሙትን ጽፈው በግድግዳ ላይ ለጠፉ። እነዚህ ወላጆች ከዚያ በፊት ወደዚያ ክፍል የገቡት ጭቃ ሊመርጉ ብቻ ነበር።

የገንዘቡ ጉዳይ ግን ጭቅጭቅ አስነሣ። የዚያን ዓመት ድጎማ ከፊሉን ለታላቁ በር አዲስ ብረት እንድናወጣ ቀድሞ ታስቦ ነበር። ከአባላቱ እኩሌቶቹ፣ «እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው» አሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ ለንባብ የሚሆን መጽሐፍ ይገዛ አሉ። ከሁለት ስብሰባ በኋላ በአንድ ድምፅ ብልጫ መጽሐፉ ጸደቀ። ሰብሳቢው ድምፃቸውን ለበሩ የሰጡ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን መጽሐፎቹን ከከተማ ጭነው ያመጡት እርሳቸው ናቸው።

ሁሉም ነገር ተሳካልን ብለን ብንጽፍ ግን እንዋሻለን። በቅዳሜው ንባብ ታናናሾቿን በማስተማር ከሁሉ የበለጠች አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በአጨዳው ወራት ከትምህርት ቀረች። እኛም «ከአጨዳው በኋላ ትመለሳለች» ብለን አሥራ አምስት ቀን ዝም አልን። ወደ ቤተሰቦቿ በሄድን ጊዜ ከሌላ ቀበሌ ለአንድ ሰው ተድራ ኖሯል። አባቷ፣ «ማን መጥቶ ጠየቀኝ?» አሉን። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አንረሳውም። ጥፋታቸውን አይሽርላቸውም፤ የእኛንም አይሽርም። ከዚያ ወዲህ ማንኛዋም ተማሪ ሦስት ቀን በተከታታይ ከቀረች፣ በአራተኛው ቀን ከኅብረቱ አንድ ሰው ከደጇ እንዲደርስ ወሰንን። ስለ ገበያው ቀንም እንዲሁ ወላጆችን በየገበያው ቦታ እየዞርን አነጋገርን። ልጁን ለሸክም የሚሻው ወላጅ ከመምህራኑ ጋር ተነጋግሮ በዕለቱ ፈረቃ እንዲለወጥለት እንጂ ልጁ ጨርሶ እንዳይቀር ተስማማን። ሁሉም አልተስማማም፤ ብዙው ግን ተስማማ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶች በር ተዘግቶ እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ተለይተዋል። ስለ ግጭቱ መንሥኤ መናገር የዚህ ጽሑፍ ፋንታ አይደለም። እኛ ግን ከሁለቱም መዘጋት አንድ ነገር ተምረናል። በር ሲዘጋ አጥሩም ቆርቆሮውም የንባብ ማዕዘኑም ከውስጥ ይቀራል፤ ከውጭ የሚቀረው ወላጅ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የትኛው ልጅ የት እንዳለ፣ ማን ከብት ጠባቂ እንደ ሆነ፣ ማን ወደ ከተማ እንደ ተሰደደ የሚያውቀው የክፍል መዝገብ ሳይሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያዳምጣቸው የነበረው ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። መጽሐፎቹም በመደርደሪያው ላይ አቧራ እንዳይጠጡ በየመንደሩ ተከፋፍለው ከቤት ወደ ቤት ተዘዋወሩ። በሩን መርጠን ቢሆን ኖሮ ወደ ቤት ይዘን የምንሄደው ነገር አይኖረንም ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ የወላጅና የመምህር ኅብረት ገንዘብ የሚሰበስብ ሌላ ግብር ሰብሳቢ አይደለም፤ የመምህሩም ገራፊ አይደለም። ትምህርት ቤት ያቀደውን ፕሮግራም ከወላጁ ቤት ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ትምህርት ቤት ስንጎበኝ መዝገብና አጥር ከማየታችን በፊት አንድ ልጅ ጠርተን ሲያነብ ብናዳምጥ፣ ከመቶ ገጽ ሪፖርት የበለጠ እንረዳለን። መምህራንም ወላጅ ሲጠይቅ እንደ ተደፈሩ አይቁጠሩት፤ የሚጠይቅ ወላጅ የሸክማቸው ተካፋይ ነው። ተማሪዎችም ከቤት የሚጠይቃቸው ሰው ካጡ ራሳቸው ሄደው «ስሙኝ፣ ላንብብላችሁ» ይበሉ።

«ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ያሉትን አባቶቻችንን አንነቅፍም። የነበራቸውን ሰጥተዋል፤ እኛም ከእነርሱ መስጠትን ወርሰናል። ነገር ግን ያ ዓይን የተረፈው ለማንበብ ካልሆነ፣ መትረፉ ምን ይረባል? ልጅን ሰጥቶ ዝም ማለት አክብሮት የነበረበት ዘመን አልፏል። ዛሬ አክብሮት ማለት ሰጥቶ መጠየቅ ነው።

እነዚያ እናት ከዚያ በኋላ በነበረው ስብሰባ ሁሉ ከዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ልጃቸው ማንበብ ከቻለ ሰንብቷል፤ አሁን የሚጠይቁት ስለ ሰው ልጅ ነው። የእኛም ልጅ ዘግይቶ ቢሆንም አነበበ። ቃለ ጉባኤውን ዛሬም የምንጽፈው እኛ ነን። የመዝገቡ መልክ ግን ተለውጧል፤ በእያንዳንዱ ስብሰባ የመጀመሪያው ተራ ቁጥር «ስንት ልጅ ያነባል? የማያነቡትስ እነማን ናቸው?» የሚል ሲሆን፣ ከሥሩ የማያነቡት ልጆች ስም አንድ በአንድ ይጻፋል። የአጥሩ ጉዳይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።